ሽቦው ከወለቀ ወዲያ

የጥርስ ሽቦ በሚፈታበት ቀን የሚሆነውን ሐኪሞቹ በቃላቸው ያውቁታል። ታካሚው ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ምላሱን ጥርሱ ላይ ያመላልሳል። ዓመት ተመንፈቅ፣ አንዳንዱም ሁለት ዓመት ሙሉ የብረት ጉብታ ሲዳስስ የኖረ ምላስ ድንገት ልሙጥ ነገር ሲያገኝ የሰው አፍ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። መስተዋት ይሰጡታል። ይስቃል፣ ይዘጋል፣ ደግሞ ይስቃል። በልቡ ከክሊኒኩ ሥር ካለችው ሱቅ ቆሎ ገዝቶ እየቆረጠመ ወደ ቤቱ ሊሄድ አስቧል። በሽቦው ዘመን ቆሎ ክልክል ነበር። ፈንዲሻም፣ አጥንት መጋጥም፣ ቁርጥ በፊት ጥርስ መገንጠልም እንደዚያው። የዚያ ሁሉ ወር ውዝፍ ዛሬ ሊወራረድ ነው።

ሐኪሙ ግን ገና አልጨረሱም። ልክ ይወሰድና የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ክዳን ያላት የፕላስቲክ ሣጥን ትመጣለች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሪቴይነር ነው። ጥርስዎን ባለበት የሚይዝ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቀንም ሌሊትም። ለምግብና ለመቦረሽ ብቻ ያወልቁታል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት።»

«ሌሊት ሌሊቱስ እስከ መቼ?»

«ጥርስዎ እንዲህ ሆኖ እንዲቆይ እስከፈለጉ ድረስ።»

ጨዋ መልስ ነው። ቀጠሮ አይቆርጥም፣ አያስፈራራም፣ ፍርዱን ለባለጉዳዩ ይተወዋል። አርባ ዓመት የሞላው ባለጉዳይ ግን መንገድ ላይ ቆም ብሎ ሲያሰላው የተፈረደበት ዕድሜ ልክ መሆኑ ይገባዋል።

ሐኪሙ አላጋነኑም። አብዛኛው ሰው ጥርስ አጥንት ውስጥ የተመታ ምስማር ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ የጥርስ ሥር ከመንጋጋ አጥንት ጋር የተያያዘው እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ክሮች ሲሆን ጥርሱ በነዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ሽቦው ሲገፋው በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየተበላ፣ ለቆት በመጣው በኩል አዲስ አጥንት እየተሠራ ጥርሱ ቀስ በቀስ ቦታ ይቀይራል። ሽቦው ሲወልቅ በሥሩ ዙሪያ ያሉት ክሮች በሦስት አራት ወር ውስጥ አዲሱን ሰፈር ይለምዳሉ። ድዱ ውስጥ ያሉት ግን ቂመኞች ናቸው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ኮሬ ራይታን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት የውሾችን ጥርስ አዙሮ፣ በዞረበት አስሮ ካቆየ በኋላ ድዱን በማጉያ መነጽር ሲመረምር፣ ከ232 ቀን በኋላ እንኳ ክሮቹ እንደተወጠሩ፣ ጥርሱን ወደ ድሮው አቅጣጫ እንደጎተቱ አገኛቸው።

ከሱ በኋላ ደግሞ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሊትልና ባልደረቦቹ ይበልጥ ልብ የሚሰብር ሥራ ሠሩ። ቦታ እንዲገኝ ጥርስ ተነቅሎላቸው፣ በሽቦ ተስተካክለው የተሰናበቱ ታካሚዎችን ከዓመታት በኋላ እየጠሩ የታች የፊት ጥርሳቸውን ለኩ። መያዣውን ካቆሙ ከ10 ዓመት በኋላ ከሦስቱ የሁለቱ ያህል ጥርስ ተመልሶ ተዛንፏል። በ20ኛው ዓመት ሲለኩ «ደኅና ነው» የሚባለው 10 በመቶ ብቻ ሆነ። ከዚህም የከፋው፣ ማን እንደሚመለስበትና ማን እንደማይመለስበት አስቀድሞ የሚለይ ምልክት ቢፈልጉ ቢፈልጉ አለማግኘታቸው ነው። ጥፋተኛው ካልታወቀ ሁሉም ይታሰር እንደሚባለው፣ ሪቴይነር ለሁሉም የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በዕድሜውም ሽቦ የሚባል ነገር አፉ ገብቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን አያመልጥም። የታች የፊት ጥርስ ዕድሜ በገፋ ቁጥር እየተጠጋጋ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን የሚያሳብበው በሃያ ዓመት ገደማ ዘግይቶ በሚበቅለው የመጨረሻ መንጋጋ ላይ ነው፤ «እሱ መጥቶ ገፋብኝ» ይላል። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ግን የመጨረሻው መንጋጋ ያለውንም የሌለውንም እያነጻጸሩ ቢያዩ ያን ያህል ጥፋት አላገኙበትም። ዘግይቶ የመጣ ስለሆነ ብቻ ነው የሚታማው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሽቦ የልጅ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የባንክ መስኮት ላይ ብር የሚቆጥረው፣ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ የሚመራው፣ ሁለት ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እናት ሲስቁ የብረት ብልጭታ ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ጥርስ የሚያሳስሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ገንዘቡ የነበራቸውም ሥራውን የሚሠራ ሐኪም በቅርብ አላገኙም። ስለዚህ በራሳቸው ደመወዝ፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ በየወሩ እየከፈሉ ታሠሩ።

ልጅ ቢሆኑ እናት አለች። «አደረግከው? አፍህን ክፈትና አሳየኝ» ትላለች፤ ካላደረገ ቴሌቪዥን ይዘጋል። የአርባ ዓመት ሰው ማን አፍ ያስከፍተዋል? ራሱ ታሣሪ፣ ራሱ ዘበኛ ነው። ይህ ዓይነቱ እስር እንዴት እንደሚያበቃ ደግሞ የታወቀ ነው። አሜሪካዊቷ የካንትሪ ዘፋኝ ፌይዝ ሂል እ.ኤ.አ. በ2013 የግራሚ ሽልማት ላይ በ45 ዓመቷ ሽቦ አድርጋ ብቅ ስትል ሰው ሁሉ ተገረመ። ነገሩን ያስረዳችው ራሷ ናት፤ ልጅ ሳለች ታስራ ነበር፣ ሪቴይነሯን ግን አላደረገችም። ዝናም፣ ገንዘብም፣ የጥርስ ሐኪም እጥረት የሌለበት አገር ዜግነትም ከድድ ክር አላስጣሏትም።

ከዚሁ ስንፍና ሀብት ያወጣም አለ። ዚያ ቺሽቲ ትልቅ ሰው ሆኖ ጥርሱን አሳስሮ፣ ከተፈታ በኋላ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ሪቴይነሩን እንደማንኛውም ሰው አንዴ ያደርጋል አንዴ ይተዋል። ትቶት ሲከርም ጥርሱ ፈቀቅ ይልበታል፤ መልሶ ሲያደርገው ፕላስቲኩ ጥርሱን ገፍቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሌላው ሰው ቢሆን «ከዛሬ ጀምሮ አላቋርጥም» ብሎ ምሎ በማግስቱ ይረሳ ነበር። እሱ ግን ፕላስቲክ ጥርስን መመለስ ከቻለ ከመጀመሪያውስ ለምን አያስተካክልም ብሎ አሰበ። ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያቋቋመው ኩባንያ ነው ኢንቪዛላይን የሚባለውን ያለ ሽቦ የሚሠራ ማስተካከያ ለገበያ ያቀረበው።

እናቶቻችንና አያቶቻችን በዚህ በኩል የተሻለ ውል ነበራቸው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የፈገግታ ማማሪያው የድድ ንቅሳት ነበር። ልጃገረዲቱ ትያዛለች፣ መርፌው ይወርዳል፣ ድዷ አብጦ ጥቂት ቀን ከምግብ ትርቃለች። ከዚያ በቃ። ጥቁሩ ድድ ከነጩ ጥርስ በላይ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ሌሊት የሚደረግ፣ ጠዋት የሚታጠብ፣ በሣጥን የሚዞር ነገር አልነበረውም።

ሪቴይነር ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንጋፋው ላንቃ ላይ የሚያርፍ የፕላስቲክ ሳህን ሆኖ የፊት ጥርሶችን በሽቦ የሚያቅፈው ነው፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ሃውሊ እ.ኤ.አ. በ1919 ያስተዋወቀው ስለሆነ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ጠንካራ ነው፣ ይጠገናል፣ ግን ሽቦው ከፊት ይታያል። ከሽቦ የተገላገለ ሰው ሌላ ሽቦ ሲሰጡት የሚያሳየውን ፊት መገመት አያዳግትም። ሁለተኛው ጥርሱን ልክክ አድርጎ የሚሸፍነው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ከሩቅ አይታይም። ሦስተኛው ከጥርስ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ ነው። ብዙ ጊዜ በታች በኩል ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ስድስቱን ጥርስ ያያይዛል። ይሄኛው አይጠፋም፣ አይረሳም፣ ሰውን በስንፍናው አይፈትንም። ነገር ግን በሥሩ ክር ማሾለክና ማጽዳት ግድ ነው፤ ካልተጸዳ ቆሻሻው ጠጥሮ ይቀራል። አንዱ ጥርስ ላይ ያለው ማጣበቂያ ሲለቅ ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ ያ ጥርስ ብቻውን መንገድ ይጀምራል። ከሦስቱ የቱ ይበልጣል ለሚለው፣ ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን ጉዳዩን ደጋግሞ አይቶ አንዱን አሸናፊ ነው ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። እናም ምርጫው የሐኪሙ፣ የኪሱና የጠባዩ ሆኖ ቀርቷል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት የምራቅ ቀናት ናቸው። አፍ ባዕድ ነገር ሲገባበት ምግብ የመጣ ይመስለዋልና ምራቁን ያዘጋጃል፤ የሚታኘክ ነገር ሲጠፋ ግራ ተጋብቶ ሌላ ይጨምራል። ባለሪቴይነሩ እየዋጠ ያወራል፣ እያወራ ይውጣል።

ንግግሩም ጣጣ አለው። ፕላስቲኩ ከላይ ጥርስ ጀርባ ምላስ የምታርፍበትን ቦታ ያወፍረዋል፣ ስለዚህ ሰ፣ ዘ እና ሸ ፉጨት ይቀላቀልባቸዋል። ጸ ደግሞ ትፍታ ይዞ ይወጣል። አማርኛ በነዚህ ፊደላት ረገድ ለጋስ ቋንቋ ነው። ደንበኛ ደውሎ «ሒሳቤ ላይ ስንት አለ?» ሲል «ሰባ ስድስት ሺህ ከስልሳ ሳንቲም» ብሎ የሚመልስ የባንክ ሠራተኛ ምን እንደሚገጥመው ይታይ። ደንበኛው «እባክዎ ስልኩን ራቅ ያድርጉት፣ ነፋስ አለ» ይላል። ስሟ ጽጌ የሆነ አለቃ ያለው ሰው ለሳምንት ያህል «እመቤቴ» እያለ ቢጠራት የሚሻለው ነው።

መድኃኒቱ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው፤ ሐኪሞች ለአዲስ ታካሚ የሚሰጡት የተለመደ ምክር ነው። ምላስ ሰነፍ አይደለችም፤ ካሠሩዋት በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲሱን መንገድ ታገኘዋለች። አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ ሌላው ለልጁ ተረት። ማለዳ ዳዊት የመድገም ልማድ ያለው ሰው ከሁሉም ቀድሞ አፉን ይፈታል፣ በዚያ ላይ ጎረቤት «ምን ነካው፣ ዘንድሮ ጸሎት አበዛ» ይለዋል።

ከምራቅና ከፊደል ጋር ያለው ጠብ እንዲህ በሳምንት ያልቃል። የማያልቀው ከሰው ጋር ያለው ነው።

መመሪያው ቀላል ይመስላል፤ ሪቴይነር አፍ ውስጥ ሳለ ከውኃ በቀር ምንም አይገባም። ምክንያቱም በቂ ነው። ትኩስ ነገር ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። ቡናና ሻይ ያቀልሙታል። ስኳር ያለው ነገር ደግሞ ከፕላስቲኩ ሥር ገብቶ ጥርሱን ነክሮ ይቀመጣል፤ ምራቅ ገብቶ አያጥበውም፣ እናም ውድ ዋጋ የተከፈለበት ቀጥ ያለ ጥርስ ቀጥ ብሎ ይበሰብሳል። ይህን መመሪያ የጻፈው ሰው ግን ቡና ተጠርቶ አያውቅም።

እንበል፣ ጎረቤት ቡና አፍልታ ጠርታለች። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፈንዲሻው በሰፌድ ሞልቷል። ባለሪቴይነሯ ገብታ ትቀመጣለች። አቦሉ ሲቀዳ ለማውለቅ አንገቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ከፍ አድርጋ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከመንጋጋ በኩል ቀስ ብላ ታላቅቃለች። ጠቅ ይላል። ቀጭን የምራቅ ክር ተከትሎት ይመጣል። ይህን ሁሉ ማንም እንዳላየ ተስፋ አድርጋ ቀና ስትል አምስት ሰው ያያታል።

«አመመሽ እንዴ?» ትላለች አንዷ።

«ኧረ ደኅና ነኝ፣ ይቺን ላውልቅ ብዬ ነው።»

«ጥርስሽን?!»

ከዚያ ማስረዳት ይከተላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳልሆነ፣ የራሷ ጥርስ አንድም እንዳልጎደለ፣ ሽቦው ወልቆ ሲያበቃ ይሄ እንደመጣ። አስረድታ ስትጨርስ ቡናው በርዷል። አቦል ከጠጣች በኋላ ታድርገው ወይስ ቶናን ትጠብቅ? ካደረገችው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጠቅ። ካላደረገችው በረካ እስኪደርስ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ፣ «ቁጭ በይ እንጂ ምን ያስቸኩልሻል» እስኪባል ሁለት ሰዓት ይሄዳል።

«አልበላም» ማለት ደግሞ የባሰ ነገር ያመጣል። በዚህ አገር ምግብ እንቢ የሚል ሰው ከሦስቱ አንዱ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ወይ ጾመኛ፣ ወይ በሽተኛ፣ ወይ ኩራተኛ። ፕላስቲክ ያደረገ የሚባል አራተኛ ምድብ ገና አልተከፈተም። ባለቤቲቱ እንጀራውን ጠቅልላ፣ በወጥ አጥቅሳ፣ እጇን ዘርግታ «በሞቴ» ስትል የሐኪሙ መመሪያ የት ይገባል? በሞቴ የተባለን ጉርሻ «አንድ ጊዜ ላውልቅ» ብሎ ማስጠበቅ አይቻልም፤ የተዘረጋ እጅ ይንጠባጠባል። እየሳቀ ከነፕላስቲኩ የጎረሰ ብዙ ነው። ቀይ ወጥ ከሆነ ፕላስቲኩ በማግስቱም የበርበሬ ቀለም ይዞ ይውላል፣ እንጀራው ደግሞ በላንቃና በፕላስቲኩ መካከል ገብቶ አልወጣም ይላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚባለውን ለሚያከብር ቤት ደግሞ አንዷ ብቻ አትበቃም።

የሚገርመው፣ ባለሪቴይነር የሚያርፈው በጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት ያደረገውን ማንም ሳያስወልቀው ይውላል። ጾሙ ደግሞ 55 ቀን ነው! ረመዳን የሚጾመውም እንደዚያው ነው፤ ከሱሑር በኋላ ቦርሾ ካደረገው እስከ ማፍጠሪያ የሚነካው የለም። በሌላው ወቅት መክሰስ የሚወደው ሰው እንኳ ለአንዲት ሳምቡሳ ማውለቅ፣ መብላት፣ መቦረሽ፣ ማጠብ፣ መልሶ ማድረግ ሲያስበው ይተወዋል። ሱሪው ሲሰፋው ሰው «ጂም ጀመርክ እንዴ?» ይለዋል።

ለማውለቅ የተገደደ ሁሉ የሚያስቀምጥበት ይፈልጋል፣ መከራውም ከዚያ ይጀምራል። ሣጥኗ ቤት ቀርታለች። ሆቴል ቤት የተቀመጠ ሰው ሪቴይነሩን ሶፍት ላይ ያስቀምጣል፤ አስቀያሚ እንዳይሆን ሶፍቱን ያጥፈዋል። ጥብሱ ይበላል፣ ጨዋታው ይደምቃል፣ አስተናጋጁ መጥቶ ሳህኑን፣ አጥንቱን፣ የታጠፉትን ሶፍቶች ሁሉ ሰብስቦ ይሄዳል። የሪቴይነር መጥፊያ ይሄ መሆኑን የየትም አገር የጥርስ ሐኪም ይናገራል።

ሰውየው የሚያስታውሰው መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ተመልሶ ይሮጣል። ወጥ ቤት ይገባል። «ምን ጠፋብዎ?» ሲሉት «ጥርስ… አይ፣ የጥርስ… እንዲህ ያለች፣ የምታበራ ፕላስቲክ» እያለ በጣቱ ቅርጿን አየር ላይ ይሠራል። ሦስት አስተናጋጅና አንድ ወጥ ቤት የቆሻሻውን በርሜል ከበው በእንጨት ይቆሰቁሳሉ። የምታበራ ፕላስቲክ ሞልቷል፤ የውኃ ጠርሙስ ክዳን፣ የተጨማደደ ላስቲክ፣ የአገልግል መጠቅለያ። በመጨረሻ ከጎመንና ከአጥንት መሃል አንዱ አስተናጋጅ ሁለት ጣቱን አግብቶ ያወጣትና በብርሃን አስጠግቶ ያያታል። የአንድ ሰው ጥርስ ሙሉ ቅርጹ ይታያል፣ ቃሪያ ገብቶበታል። ሰውየው ጉርሻ ይሰጣል፣ ይኸኛው የገንዘብ ነው፤ ሪቴይነሩን በአዲስ ሶፍት ጠቅልሎ ኪሱ ይከታል።

ቤት ሲደርስ ደግሞ ሁለተኛው አደጋ ይጠብቀዋል። ይህን ያህል ቆሻሻ ውስጥ የገባ ነገር በፈላ ውኃ መታጠብ አለበት ብሎ የማያስብ ኢትዮጵያዊ የለም። ማሰሮም፣ ጡጦም፣ የቡና ሲኒም በፈላ ውኃ ነው የሚጸዳው። ሪቴይነር ግን በፈላ ውኃ ሲመታ ኩርምት ብሎ የማንም ጥርስ የማይመስል ነገር ይሆናል። በረኪናም አይሆንለትም፣ የጥርስ ሳሙናም ሻካራ ስለሆነ ይፍቀውና በጭረቱ ውስጥ ሽታ ይቀመጣል። የሚስማማው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ነው። ይህን ለቤት ሠራተኛዋም ለአያትም አስቀድሞ መንገር ያሻል። ውሻ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ የሰው ምራቅ የሚሸት ጥርስ ቅርጽ ያለው ነገር ለውሻ ከአጥንት አያንስም።

ስለ ፍንጭት ደግሞ ለብቻው መናገር ይገባል። በብዙ አገር የፊት ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ሐኪም የሚዘጋው ጉድለት ነው። እኛ ዘንድ ፍንጭት ውበት ነው፤ ሙሽራ የሚመረጥበት፣ ዘፈን የሚዘፈንለት። ስለዚህ ከሐኪም ጋር አስቀድሞ ካልተነጋገሩ ሌላውን ጥርስ ለማስተካከል የገባችው ልጅ ፍንጭቷን ተዘግቶላት ትወጣለች። እናት በር ላይ ሲያዩዋት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «ምነው ልጄ፣ እንዴት ያለውን ፍንጭት አስደፈንሽ? የአባትሽ እናት እኮ ነበር!»

እኚህ እናት ግን ተስፋ መቁረጥ የለባቸውም። ለሐኪሞች ተዘግቶ ለመቆየት እጅግ ከሚያስቸግራቸው ነገር አንዱ ይኸው የላይ የፊት ጥርሶች ክፍተት ነው። በሁለቱ ጥርስ መካከል ያለው ድድና ከላይ ከንፈር የሚወርደው ጅማት ተባብረው ወደ ኋላ ይጎትቱታል። ለዚህ ነው ፍንጭት የተዘጋበት ሰው ብዙ ጊዜ ከጀርባ ሽቦ የሚለጠፍለት። ልጅቷ ሪቴይነሩን ረስታ ከከረመች የአያቷ ፍንጭት በራሱ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ እናትም «አልኩሽ እኮ» ይላሉ።

ወራቱ አልፈው የሌሊት ብቻ ሲሆን ሕይወት ይቀላል፣ ጸብም ይቀንሳል። ማታ ባልና ሚስት ስለ ቤት ኪራይ መጨቃጨቅ ይጀምራሉ፤ አንደኛው ሪቴይነሩን ካደረገ በኋላ ግን የሚናገረው ነገር ሁሉ ክብደቱን ያጣል። «እኔ እኮ ስልችት ብሎኛል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከነፉጨቱ ሲወጣ ሌላኛው ይስቃል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከራከሩትን ተከራክረው ከጨረሱ በኋላ ነው የሚያደርጉት።

ችግሩ የሌሊቱ ነገር በመቅለሉ ምክንያት መረሳቱ ነው። ክፍለ አገር ለገና ተኬዶ ሣጥኗ አዲስ አበባ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ትቀራለች። «አንድ ሳምንት ምን ያመጣል?» ይባላል። ከጥምቀት በኋላ ተመልሰው ሲያደርጉት አልገባ ይላል፤ ሲገፉት ይገባል፣ ግን ሁለት ጥርስ ላይ ያማል። ያን ጊዜ ቀጠሮ ይያዛል።

«ዶክተር፣ ሪቴይነሩ ጠቦኛል» ትላለች ወይዘሮዋ ወንበሩ ላይ ጋደም ብላ።

«ፕላስቲኩ በራሱ አይጠብም» ትላለች ዶክተሯ ጓንቷን እያጠለቀች።

«ምናልባት ሙቅ ውኃ ነክቶት ይሆናል።»

«ሙቅ ውኃ ቢነካው ኖሮ ጭራሽ አይገባም ነበር። ይሄ ገብቷል፣ የሚጠብቀው እዚህና እዚህ ብቻ ነው።» ጣቷን ከታች በሁለቱ ጥርሶች ላይ ታሳርፋለች። «ስንት ሌሊት ሆነዎት ሳያደርጉት?»

«ሁለት… ሦስት ቢሆን ነው።»

ዶክተሯ ዝም ብላ መብራቱን ታስተካክላለች። መብራቱ ዓይን ላይ ያርፋል።

«ከገና ጀምሮ» ትላለች ወይዘሮዋ።

«ከገና ከሆነ ብዙ አልራቀም፣ ይመለሳል። ለሁለት ሳምንት እንደ መጀመሪያው ጊዜ ቀንም ሌሊትም ያድርጉት።»

«ቀንም?»

«ቀንም።»

«ቅዳሜ እኮ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው፣ እሑድ መልስ አለ፣ ከዚያ ቅልቅል…»

ዶክተሯ ልክ የሚወሰድበትን ሳህን ከመሳቢያው አውጥታ የልክ መውሰጃውን ዱቄት ውኃ እየጨመረች ማማሰል ትጀምራለች። «እንግዲያው ሌላ መለዋወጫ እንሥራ» ትላለች። «ሦስት ድግስ ላይ አንዱ ሶፍት ውስጥ ቀርቶ መሄዱ አይቀርም።»